ከመሬት በታች ያለው ውሃ የማን ነው?

ሌሊት አጥር ዘልሎ ከጎረቤቱ በርሜል ውሃ የሚቀዳ ሰው ሌባ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ መሬቱ ላይ ቆሞ፣ ከጎረቤቱ ማሳ ሥር ውሃ በሞተር የሚስበውን ሰው ግን ሌባ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ታታሪ ገበሬ ተብሎ ይመሰገናል። ውድ አንባቢያን! ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ በመሬቴ ላይ ቆፍሬ፣ በላቤ ባገኘሁት ገንዘብ ሞተር ገዝቼ የማወጣው ውሃ በእርግጥ የእኔ ብቻ ነውን?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የግብፅን የናይል ዴልታ እንውሰድ። ናይል ካይሮን አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ረሺድና ዱምያጥ በሚባሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይከፈልና ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። በቅርንጫፎቹ መካከልና በግራ ቀኛቸው የተዘረጋው ሜዳ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ለም ሜዳ የሠራው ወንዙ በሺህ ዓመታት ያመጣው ደለል ነው። የደለሉም አብዛኛው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኛው ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ደለሉን ቢያስቀረውም፣ ቀድሞ የደረሰው አፈር ግን ዛሬም ሚሊዮኖችን ያበላል።

ከዚህ አፈር ሥር በአሸዋና በጠጠር መካከል የተከማቸ ብዙ ውሃ አለ። ከየት መጣ? ከዝናብ እንዳንል ካይሮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሃው ከናይል፣ ከመስኖ ቦዮችና ከሚጠጡት ማሳዎች ቀስ በቀስ ወደ ታች የሰረገ ነው። እንግዲህ በዴልታው ጉድጓድ የሚቆፍር ገበሬ አዲስ ሀብት አላገኘም፤ ያው የጋራው ወንዝ በሌላ በር ነው የመጣለት።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በሰሜን በኩል ባሕሩ አለ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ከጣፋጩ ውሃ ይከብዳል፤ ስለዚህ በምድር ውስጥ ከጣፋጩ ውሃ ሥር እየገባ ወደ የብስ ይዘልቃል። የሚገታው ከላዩ ያለው የጣፋጩ ውሃ ክብደት ብቻ ነው። ሊቃውንት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያወቁት አንድ ሚዛን አለ፦ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውሃ ይኖራል። ይህን ስሌት ገልብጣችሁ አስቡት። ሞተሮች ተባብረው የውሃውን ከፍታ በ1 ሜትር ዝቅ ካደረጉት፣ ጨዋማው ውሃ ከጊዜ በኋላ 40 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል ማለት ነው። ስሌቱ በየቦታው እንደ አፈሩ ዓይነት ቢለያይም አቅጣጫው ያው ነው። በዴልታው ጥልቅ ክፍል ጨዋማው ውሃ ከባሕሩ ዳር በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ወደ ውስጥ ገብቷል። የምድር ሙቀት በመጨመሩ የባሕሩም ወለል ከፍ እያለ ነው። አንድ ሰው በመጠኑ ያወጣው ውሃ ሌላው ዘንድ በብዙ እጥፍ ጉዳት ሆኖ ይደርሳል፤ አውጪው ግን ጉዳቱን በዓይኑ አያየውም።

ሸሪዓችን ስለዚህ ምን ይላል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። ይህ ማለት ግን የደከመ ሰው ምንም ሐቅ የለውም ማለት አይደለም። በዕቃው የቀዳው ውሃ የራሱ ነው። ባለቤት በሌለው መሬት ላይ ጉድጓድ ለቆፈረ ሰውም ፉቀሃዎች "ሐሪም" የሚባል የተከበረ ክልል አጽንተውለታል። በሐዲስ 40 ክንድ ተጠቅሷል፤ ዑለማዎችም እንደ ጉድጓዱ ዓይነትና አገልግሎት መጠኑን ለያይተው ተናግረዋል። ክልሉ ለከብቶች ማረፊያ፣ ለገመድ መሳቢያ ነው፤ ከዚህም ሌላ አዲስ ጉድጓድ አጠገቡ ተቆፍሮ የቀድሞውን እንዳያደርቀው መከላከያ ነው።

ልብ በሉ! ያ መጠን የተነገረው ውሃ በባልዲና በግመል ጉልበት በሚሳብበት ዘመን ነው። የዛሬው ሞተር ግን ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ይስባል። "ከወንድሜ ጉድጓድ 41 ክንድ ርቄ ቆፍሬአለሁ፤ ምን አጠፋሁ?" የሚል ሰው ቁጥሩን ጠብቆ ምክንያቱን ረግጧል። ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ በኢስላም የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳቱ ከመሬት በላይ ሲሆን ሐራም፣ ከመሬት በታች ሲሆን ግን ሐላል የሚሆንበት ምን መሠረት አለ?

ሆኖም ለፍርድ አንቸኩል። በዴልታው በቦዩ መጨረሻ የሚኖረውን ድሃ ገበሬ እናስታውሰው። የቦዩ ውሃ ከላይ ያሉት ጠጥተው ሳይጨርሱት አይደርሰውም። ሩዝ የሚዘራበት መሬት በመንግሥት የተወሰነ ሆኖ ሳለ ከወሰኑ በላይ የሚዘሩ አሉ። ታዲያ ልጆቹን የሚያበላው ያ ገበሬ ጉድጓድ ቢቆፍር ይፈረድበታልን? በመዲና በውሃ ቦይ ላይ ክርክር በተነሣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከላይ ያለው ሰው ማሳውን እስከ ታወቀ መጠን አጠጥቶ ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ፈርደዋል። ይህ ፍርድ ለላይኛው መብት ይሰጣል፤ ለመብቱም ወሰን ያበጃል። ላይኛው ወሰኑን ሲያልፍ ታችኛው ወደ ጉድጓድ ይገፋል። የጥፋቱ ሥር ያለው እንግዲህ ከሞተሩ ዘንድ ብቻ አይደለም።

ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው የበረሃ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ትልልቅ እርሻዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለውጭ ገበያ ጭምር ፍራፍሬና አትክልት የሚያመርቱት ብዙዎቹ በጉድጓድ ውሃ ነው። በዓመታት ውስጥ የውሃው ከፍታ ወርዷል፤ በየስፍራው ጨውነቱ ጨምሯል። አቅም ያለው ጠልቆ ይቆፍራል፤ አቅም የሌለው መሬቱን ጥሎ ይሄዳል። ከችግር የተነሣ የሚቆፍርና ትርፍ ለማብዛት የሚቆፍር በአላህ (ሱ.ወ) ዘንድ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

"መፍትሔው ቁጠባ ነው" የሚልም ይኖራል። ኢስራፍን መተው ግዴታችን ነው። ግን በዴልታው አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ቦዩ በሲሚንቶ ሲለበጥ፣ ማሳው በጠብታ መስኖ ሲጠጣ፣ ቀድሞ ወደ ታች ይሰርግ የነበረው ውሃ ይቀንሳል። ያ "የባከነ" የተባለው ውሃ ግን የታችኛውን ሰው ጉድጓድ ይሞላ፣ ጨውንም ይገፋ ነበር። ስለዚህ የአንዱ ቁጠባ የሌላው ጥማት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንማረው መልካም ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ውሃውን አብሮ መለካት፣ በሹራ መወሰን፣ ለደካማው ድርሻውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ለብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ የጋራ አማናን አያድንም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በአገራችን በሐረር አቅራቢያ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ይሳብ ነበር፤ ለከተማ መጠጥም ይወሰድ ነበር፤ ደለልም ሞልቶት ነበር። ከእነዚያ ሞተሮች አንዱም ብቻውን ሐይቁን አላደረቀውም። እያንዳንዱ "የእኔ ጥቂት ናት" ሲል ጥቂቷ ተደምራ ሐይቅ አጠፋች። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም ትምህርቱ አልተሻረም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከመሬት በታች ያለው ውሃ የማን ነው? ድካሙ የቆፋሪው ነው፤ ድርሻም አለው። ውሃው ግን ከላይ ካለው፣ ከታች ካለውና ገና ካልተወለደው ጋር የሚጋራው አማና ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ የምወስደው ለችግሬ ነው ወይስ ለትርፌ? ጎረቤቴ እንደኔ ቢወስድ ውሃው ይበቃናልን? ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ስሙን የማላውቀው፣ ፊቱንም የማላየው ቢሆንስ? አላህ (ሱ.ወ) በተከበረው ቁርኣን ውሃችን ወደ ምድር ሰርጎ ቢቀር ከእርሱ በቀር ማን እንደሚያመጣልን ጠይቆናል። መልሱን የማያውቅ አማኝ የለም። ጥያቄውን በሞተሩ አጠገብ ቆሞ የሚያስታውስ ግን ስንቱ ነው?

አላህ (ሱ.ወ) የማናየውንም የወንድማችንን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።