የዩ ጎዳና ትምህርት፦ ሰፈር ሲለማ ማን ይቀራል?

በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ዩ ጎዳና በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል ነበር። በዘር መድልዎ ከሌላው የከተማዋ ክፍል የተገፉ ጥቁር አሜሪካውያን ሱቃቸውን፣ ባንካቸውንና ቲያትር ቤታቸውን እዚያ አቋቋሙ። ታላቁ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተንም ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1968 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። የዚያኑ ምሽት 14ኛው ጎዳና ከዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተነሣው ሁከት ለቀናት ቀጥሎ ብዙ ንግድ ቤቶችን አወደመ። ነጋዴው ሄደ፣ ባንክም ለአካባቢው ማበደር ፈራ። ጎዳናው ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቀዝቅዞ ቆየ።

የመጀመሪያውን ድፍረት ያሳየው የከተማው አስተዳደር ነው። በከንቲባ ማሪዮን ባሪ ዘመን፣ በ1986፣ ሪቭስ ሴንተር የተባለውን የመንግሥት ቢሮ ሕንፃ ሁከቱ በተጀመረበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሠርቶ ከፈተ። ሠራተኛው ምሳ ይበላል፣ ባለጉዳይ ይመላለሳል፤ ገበያም ሰው ባለበት ይቆማል። በ1991 የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ፤ ተዘግቶ የነበረው ሊንከን ቲያትርም ታድሶ በ1994 እንደገና ሥራ ጀመረ።

ግን ልማቱ ራሱ ጎድቶ ነበር። ለባቡሩ መንገዱ ለዓመታት ሲቆፈር ደንበኛ መግቢያ አጣ፤ ከሁከቱ የተረፉ ሱቆች በቁፋሮው ተዘጉ። ከ1958 ጀምሮ የነበረው ቤንስ ቺሊ ቦውል ሁለቱንም ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

የእኛ ሰዎች የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ በዚያው ከተማ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ እና ወደ 9ኛው ጎዳና መጡ። ባዶ የነበሩ ቤቶችን አድሰው ምግብ ቤትና ገበያ ከፈቱ፣ አምሽተው መብራት አበሩ። ሰፈሩ ሲሞቅ ግን ኪራዩም ንብረት ግብሩም ናረ፤ ለረጅም ዘመን የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦችም፣ ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹም ከዲሲ ውጭ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወዳሉ ከተሞች ለመሄድ ተገደዱ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይባል። ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ከተማው ከለላ ነበረው። በ1980 የወጣው ሕግ አከራዩ ሕንፃውን ሲሸጥ ተከራዮቹ ቀድመው የመግዛት ዕድል እንዲያገኙ ደነገገ፤ በብዙ አሮጌ ሕንፃዎችም የኪራይ ጭማሪው ገደብ አለው። ሱቅና ምግብ ቤት የተከራየ ሰው ግን ይህ ሕግ አይሸፍነውም፤ ያለው ከለላ የፈረመው ውል ብቻ ነው። ውሉ ሲያልቅ በላቡ ያደመቀው ሰፈር ዋጋ ተመልሶ በእሱ ላይ ኪራይ ይሆንበታል።

የዩ ጎዳና ትምህርት ይህ ነው፦ የመንግሥት ገንዘብ ለሰፈር ዋጋ ይጨምራል፤ የጨመረው ዋጋ የሚደርሰው ግን ለባለይዞታው ነው። ስለዚህ ከተማ ሰፈርን ለማነቃቃት ሲነሣ፣ ነባሩ ነዋሪና ነጋዴ ይዞታ የሚያገኝበትን መንገድ ዋጋ ከመናሩ በፊት ማበጀት አለበት። የመሬትና የሕንፃ መግዣ ብድር፣ በከተማው ይዞታ ላይ ረጅም የኪራይ ውል፣ በግንባታ ወቅት ገቢው ለሚቋረጥ ነጋዴ ካሣ፤ እነዚህ ከመጀመሪያው ዕቅድ ጋር አብረው ካልጸደቁ፣ በኋላ ቢመጡ የሚያገኙት የሄደ ሰው ነው።

ነጋዴውም የቤት ሥራ አለው። ዕቁብ ጥሎ ሱቅ መክፈት ያስቻለን መተማመን፣ በሕግ በተቋቋመ ማኅበር ሲደራጅ ሕንፃ በጋራ መግዛትም ያስችላል። አዲስ የባቡር መስመር ወይም የመንግሥት ሕንፃ ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ቀድሞ የሚታየው ነገር የኪራይ ውሉ ነው፦ ስንት ዓመት ቀረው? የማደስ መብት አለው? ጭማሪውስ ገደብ ተበጅቶለታል? ሰፈሩ ገና ርካሽ ሳለ የመደራደር አቅም በተከራዩ እጅ ነው፤ መጠቀምም ያኔ ነው።