ዓይን ሳተች፣ እጅ መለሰቻት

ንባብ፦ ዓይን ሳተች፤ እጅ መለሰቻት፤ መነጽሩም በወለቀ ጊዜ እጅ በተራዋ ሳተች፤ የመሥመሩም መካከል ተዛወረ።

ንባቡ ከቅዱስ መጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ሊቃውንተ ሳይንስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የተከራከሩበትን ነገር ለማስታወስ እንዲመች እኔው ያሰናዳሁት ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ሐተታው ግን ይረዝማል።

«ዓይን ሳተች» አለ። ምን አሳታት ቢሉ፣ ፕሪዝም። ፕሪዝም አንዱ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ የሆነ መስታወት ነው። በዚያ መስታወት ሲያዩ ፊት ለፊት የተቀመጠ ብርጭቆ ወደ ስሱ ወገን ፈቀቅ ብሎ ይታያል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዘመን ይህን በዓይኑ አድርጎ አንድ ዕቃ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሰደደ። እጁ ከዕቃው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ዳሰሰች።

«እጅ መለሰቻት» አለ። በፕሪዝሙ ውስጥ እጁን እያየ ዕቃ ሲያነሣ ሲያስቀምጥ ጥቂት ቢቆይ ስሕተቱ ጠፋ። ፕሪዝሙን ቢያነሣው ደግሞ እጁ ወደ ተቃራኒው ወገን ሳተች፤ «እጅ በተራዋ ሳተች» ያለው ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የተለወጠችው ማን ናት በሚለው ነው።

ሄልምሆልትዝ የተለወጠችው ዓይን ናት፣ «ወዴት እያየሁ ነው» የሚለው ግምቷ ነው ብሎ ተረጎመ። ስለምን ቢሉ፣ በቀኝ እጁ ከተለማመደ በኋላ፣ ልምምዱን ያልቀመሰችው ግራ እጁ ዕቃውን ሳትስት አግኝታዋለች። እጅ ብቻ ብትለወጥ ኖሮ ግራይቱ ከየት ትማረው ነበር? ሲል ነው።

አንድም፣ የተለወጠችው እጅ ናት። ይህን ያለ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃሪስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። እርሱ በሠራው ሙከራ ያልተለማመደችው እጅ እምብዛም አልተማረችም። የተለማመደችው ግን ዓይን ተጨፍኖ ድምፅ ወደ ሰሙበት አቅጣጫ ስትጠቁም እንኳ ዘነበለች። ድምፅ በፕሪዝም አያልፍምና ዓይንን መክሰስ አይቻልም። ሰውዬው እጁ ካለችበት ሌላ ቦታ ያለች መስሎ ተሰምቶታል ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች እንደ ጎንደሮቹ የመጽሐፍ ትርጓሜ ወገኖች፣ እንደ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ በአንድ ንባብ ላይ ሁለት ትርጓሜ አቆሙ፤ የሙከራው አደራረግ ሲለዋወጥ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ይመሰክራል።

አንድም፣ የሚለወጠው ለእጅ የሚሰጠው ትእዛዝና የሚታየው ውጤት የሚነጻጸሩበት ነው። ሪቻርድ ሄልድና አላን ሃይን ፕሪዝም ካደረጉ ሰዎች ከፊሎቹን እጃቸውን ራሳቸው እንዲያንቀሳቅሱ፣ የከፊሎቹን ደግሞ ሌላ ኃይል እንዲያንቀሳቅስላቸው አደረጉ። ሁሉም እጃቸውን ያዩ ነበር፤ የተላመዱት ግን በራሳቸው ፈቃድ ያንቀሳቀሱት ናቸው። በ1963 ደግሞ በጨለማ ካደጉ የድመት ግልገሎች አንዱን ከመሣሪያ ጋር ታስሮ እየተራመደ ክብ እንዲዞር፣ ጓደኛውን በዚያው መሣሪያ ላይ ተጭኖ አብሮ እንዲዞር አደረጉ። ያዩት ግድግዳ አንድ ዓይነት ነው። በእግሩ የሄደው ገደል መሳይ ነገር ሲያይ ራቀ፤ ተጭኖ የዞረው ገደሉን ከደልዳላው አልለየም። ሰው ላይ ስሕተቱን በማየት ብቻም ጥቂት መላመድ እንደሚገኝ ኋላ የመጡት አሳይተዋል፤ ቢሆንም እኔ ከሦስቱ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ።

 

«የመሥመሩም መካከል ተዛወረ» አለ። የንባቡ ምሥጢር እዚህ ነው። የቀኝ አንጎላቸው በስትሮክ ከተጎዳ ሰዎች አንዳንዶቹ ግራ ወገንን ይዘነጋሉ። ዓይናቸው ታያለች፤ ከሳህኑ ግን የቀኙን ግማሽ በልተው «ጨረስሁ» ይላሉ። ረዥም አግድም መሥመር አቅርበው «መካከሉ ላይ ምልክት አድርግ» ቢሏቸው ከመካከሉ ወደ ቀኝ አልፈው ያደርጋሉ። የግራው ክፍል ከርዝመቱ ሒሳብ አልገባላቸውምና።

ፈረንሳዊው ኢቭ ሮሴቲና ጓደኞቹ በ1998 ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ነገርን 10 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዛውሮ የሚያሳይ ፕሪዝም አደረጉላቸውና በጣታቸው ዒላማ ደጋግመው እንዲጠቁሙ አደረጉ። ፕሪዝሙ ሲወልቅ እጅ ወደ ግራ ሳተች። ይህ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው በመሥመሩ ላይ የሚያደርጉት ምልክትም ወደ መካከሉ መቅረቡ፣ ሥዕል ሲቀዱም የተዘነጋው ግራ ወገን ብቅ ማለቱ ነው፤ ለውጡም ቢያንስ 2 ሰዓት ቆየ።

እጅ ስለ ዘነበለች ብቻ አይደለምን ቢሉ፣ አይደለም። ጤነኛ ሰዎች ወደ ግራ የሚያዛውር ፕሪዝም ከተላመዱ በኋላ፣ መሥመሩን ሳይነኩ «ከምልክቱ ወዲህና ወዲያ የቱ ይረዝማል» ሲባሉ ፍርዳቸው በጥቂቱ ወደ ታካሚዎቹ ስሕተት ያደላል። እንግዲህ የእጅ ልምምድ የዓይንን የርዝመት ፍርድ ነክቷል። ሃሪስ ያለው በከፊል እውነት ነው፣ ግን እጅ ላይ ቆመ፤ ነገሩ ከእጅ አልፎ ይሄዳል።

ሕክምናው ግን ገና እርግጠኛ አይደለም፤ ኋላ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ጥቅሙን ደግፈዋል፣ አንዳንዶቹ ከሌላው ልምምድ የተለየ ነገር አላገኙም። በቤታችሁ ስትሮክ የመታው ሰው የሳህኑን ግራ ትቶ ቢነሣ፣ ከግራ ስትጠሩትም ባይዞር፣ ግትር ወይም ዓይነ ስውር ሆነ አትበሉ። ያያችሁትን በዝርዝር ለሐኪሙ ንገሩት።