ጥርስ ባዳ ነው

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ እሱ ስለሚስቅ። የጥርስ ባዳነት ግን በዚህ ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም። ጥርስ የባለቤቱን ጠባይ አይናገርም፤ የጠጣውን ውሃና የኖረበትን ዘመን እንጂ። እኛ ግን ጥርስ አይተን በሰው ላይ እንፈርዳለን። ነጩን «ሐጫ በረዶ» ብለን እናወድሳለን፤ የበለዘ ሲያጋጥመን «ምነው ባጸዳው» እንላለን። ለመሆኑ ነጭና ንጹሕ አንድ የሆኑት መቼ ነው?

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። የጥርስ የውጭ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ከሱ በታች ያለው ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ጤነኛ ጥርስ እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም። ሐኪሞች ጥርስ የሚያነጡበት መድኃኒት በአብዛኛው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ ቀለም ያዘሉትን ነገሮች ይሰባብራል። የሻይ፣ የቡና፣ የሲጋራና የዕድሜ ቢጫነት ደኅና አድርጎ ይለቅለታል። ነገር ግን ዘልቆ እስከ ነርቩ ስለሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ በተጎነጩ ቁጥር ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ ድድ ከነካም ያቃጥላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ምን ይደረግ፣ ንጣቱም ውሎ አድሮ ያልፋል! የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ሽፋን ያለው ጥርስ ደግሞ ከነጭራሹ ቀለሙን አይለውጥም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ የሚደርሰውን መድኃኒት በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ እንዲሰጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ እንዳይሰጥ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለሐኪም የሚከፍለው የሌለው ጥርሱን በሎሚና በከሰል ያሻል። ሎሚው ኢናሜሉን ያሟሟዋል፤ ከሰሉ ይፍቀዋል። ኢናሜል ደግሞ አንዴ ከሄደ አይተካም። ሲሳሳም ከሥሩ ያለው ቢጫ ይበልጥ ይታያል። ነጭ ፍለጋ የወጣው ሰው ቢጫ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

«ይህማ የጤና ትምህርት ነው» ትሉኝ ይሆናል። የሞራሉ ጥያቄ የሚመጣው ስምጥ ሸለቆ ስንደርስ ነው። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ብዙ የሸለቆው ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ናቸው። ቋሚ ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ በልጅነት፣ ይህ ውሃ አሠራሩን ያበላሸዋል። ልጁ መፋቂያ ከእጁ ባይለይም ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እድፍ አይደለማ ምን ይታጠባል? ማንጫው መድኃኒት ቡናማውን ጥቂት ሊያደበዝዝ ይችላል፤ የተቦረቦረውን ግን አይሞላም፤ ነጫጭ ነጠብጣቦቹንም አያጠፋም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያጎላቸዋል።

ይህ በኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ገብቶ ሥራ ሲጀምር የብዙ ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዉ ምክንያቱን ሲጠየቅ የአሳማ ሥጋ መብዛት ነው፣ ወተቱ መጥፎ ሆኖ ነው ይል ነበር። ጥፋተኛው የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው። የውሃው ጥፋት በሰዎቹ ማዕድ ይመካኝ ነበር ማለት ነው። እኛስ ዛሬ «ጥርሱን አይፍቅም እንዴ?» ስንል ከነሱ በምን እንሻላለን?

ጥርሱን የሚያነጣ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። የሰሜኑ ሴቶች ድዳቸውን በመርፌ ተወቅረው ያጠቆሩት የጥርሳቸው ንጣት እንዲጎላ ነው። ውበትን መሻት የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ ማንም ዳኛ አላደረገኝም። ነገር ግን ለጌጥ የሚያነጣና ከሰው ጥርጣሬ ለመዳን የሚያነጣ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ይዋባል። የኋለኛው ግን ባላጠፋው ጥፋት ግብር ይከፍላል፤ ግብሩንም የጣልንበት እኛ ነን፣ በዐይናችን።

ከዚህም የከፋ አለ። ያው ፍሎራይድ ለብዙ ዓመታት በብዛት ሲጠጣ አጥንትን ያደድራል፣ ወገብን ያጎብጣል። ይህ በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የታየ ነው። ስለዚህ የልጁ ጥርስ ስለ ውሃው የሚመሰክር ምስክር ነው። ምስክሩን አንጥቶ ውሃውን እንዳለ መተው ምን ይባላል? ጥርሱ ዝም ይላል፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ከዚያው ጉድጓድ ይጠጣል።

ፍሎራይድን ከውሃ የመለየት ዘዴ ደግሞ አለ፤ ከተቃጠለ አጥንት በሚሠራ ከሰል እንኳ ይጣራል። እንግዲህ ከሰል ካማረን ለጥርሳችን ሳይሆን ለውሃችን ይሁን። ዶርም አብሮን የሚያድር የሸለቆ ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ቢሸፍን «ለምን አትታከምም?» ከማለታችን በፊት «እናንተ ሰፈር ውሃው ይጣራል ወይ?» እንበለው። አብሮት መሳቅም አይከፋም።