የክህነት ጥሪና የስደት መንገድ



ዛሬ በጎጆ፣ በአምቦም ሆነ በጉደር የብዙ ወጣት ልብ በመንገድ ላይ ነው። አንዱ አዲስ አበባን፣ ሌላው ዓረብ አገርን፣ ሌላውም አውሮፓን ይመኛል። ከተሰደዱት ወንድሞቻችን መካከል በሰው አገር ሆኖ «እግዚአብሔር ለክህነት ይጠራኝ ይሆን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ አለ። እዚህ ካለነውም መካከል ስለ ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሲያስብ አውሮፕላኑ አስቀድሞ የሚታየው አይጠፋም። ሁለቱም የእኛው ናቸውና ነገሩን ሳናፍር እንመርምር።

ብላቴናው ሳሙኤል ድምፁን በሰማ ጊዜ የጠራው ማን እንደሆነ አላወቀም። ሦስት ጊዜ ወደ ሽማግሌው ወደ ዔሊ ሮጠ፤ ጥሪውን የለየለትም ዔሊ ነበር (1ኛ ሳሙ. 3)። እንግዲህ ጥሪ ለብቻ የሚለይ ነገር አይደለም። በስደት ደግሞ ይህ ይከብዳል፤ ብቸኝነትና ናፍቆት የጥሪን መልክ ይይዛሉና። በቋንቋችን የምንጸልይበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲሆን፣ የቤት ናፍቆቱን ከእግዚአብሔር ድምፅ ለመለየት የሚያውቀን የነፍስ አባት ያስፈልገናል።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን እንመልከት። የጎጃም ተወላጅና የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከልኡካን ጋር ወደ ካይሮ፣ ከዚያም ወደ ሮም ተጓዙ። ነገር ግን ሮምን ማየታቸው ካህን አላደረጋቸውም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲመረምሩና ሲጸልዩ ቆይተው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ ክህነትን የተቀበሉትም በ1851፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ስለ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ። ከጉዞው እስከ ክህነቱ አሥር ዓመት፣ ከክህነቱም በኋላ ሰንሰለት! መንገዱ ምቾት እንዳልነበረ እናስተውል።

የሾሟቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው፣ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። ከጣሊያን ተነሥተው በ1839 ዐድዋ ገቡ፤ ቋንቋችንን ተማሩ፣ እንደ አገሩ ሰው ኖሩ፤ በ1860ም በዛሬዋ ኤርትራ ምድር ዐረፉ። የተጠራ ሰው ከአገሩ ቢወጣ ለማገልገል ይወጣል።

በውጭ አገር ላሉትም ይህን እንንገራቸው። በ1990 በወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና መሠረት፣ የግዕዝ ሥርዓት ልጅ የሆነ ሰው ዘመኑን ሁሉ በላቲን ቤተ ክርስቲያን ቢያስቀድስ እንኳ የግዕዝ ሥርዓት ልጅነቱ አይጠፋም፤ ለመዛወር የቅድስት መንበር ፈቃድ ያሻዋል። በላቲን ሥርዓት ያለው ደግሞ 25 ዓመት ሳይሞላው በተለየ ፈቃድ ካልሆነ ቅስና አይቀበልም፤ የፍልስፍናና የቲዎሎጂ ትምህርቱም ስድስት ዓመት ሙሉ ነው። ዘርዓ ክህነት ሲገባ የጥምቀትና የሜሮን ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ስለዚህ ከአገር የሚወጣ ወጣት ከፓስፖርቱ ጋር የጥምቀት ወረቀቱንም ይያዝ፤ ከቁምስናውና ከነፍስ አባቱም አይቆራረጥ።

እንግዲህ ወንድሞች፣ ራሳችንን እንጠይቅ። ውጭ አገር የሚወስደው መንገድ ቢዘጋ ጥሪው ይኖራልን? ጎጆ ሳንወጣ፣ በገጠር ቁምስና፣ በጭቃው መንገድ ድሆችን ለማገልገል ብንመደብ ደስ ይለናልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ዝም ብለን አንቀመጥ፤ ዛሬውኑ ለቁምስናችን ካህን እንንገር። መልሱ «አይደለም» ከሆነም ኃፍረት የለበትም፤ እንጀራ ፍለጋ መሄድ ኃጢአት አይደለምና። እንጀራ ፍለጋን ጥሪ ብሎ መጥራት ግን ራስንም ቤተ ክርስቲያንንም ማታለል ነው።

አብርሃምን ከአገሩ የጠራ አምላክ የሄዱትንም የቀሩትንም ይምራ። አሜን።