ስለ ነጋዴ ምጽዋትና ስለ ትርፉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመንዝና ከግሼ ደጋ እስከ መርሐ ቤቴ ቆላ በንግድ የሚተዳደሩ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለድኃ በመስጠቱ ስሙ ቢመሰገን፥ ደንበኛው ቢበዛ፥ ግብሩም ቢቀልለት፥ ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ዘንድ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርለታልን? የሚል ነው። ያለ ማስተዋል አዎን ብንል ውዳሴ ከንቱን እናበረታታለን፤ ፈጽሞ አይቆጠርለትም ብንል ደግሞ ለመስጠት የተዘረጋውን እጅ እናሳጥፋለን፤ በዚህም የሚጎዳው ድኃው ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ መለከት እያስነፉ የሚመጸውቱትን ነቅፏል። በዚያው ስብከት ግን ሰዎች የደቀ መዛሙርቱን በጎ ሥራ አይተው የሰማዩን አባት እንዲያመሰግኑ አዟል። ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉም፤ የተነቀፈው መታየቱ ሳይሆን ለመታየት ብሎ ማድረጉ ነውና። የመንዝ ገበሬ ገብስ የሚዘራው ስለ እህሉ ነው፤ ገለባው ተከትሎ ይመጣል፥ ለከብቱም ይሆነዋል። ስለ ገለባ ብሎ የሚዘራ ግን የለም። ምስጋናና ደንበኛም የምጽዋት ገለባ ናቸው፤ ቢመጡ አይጣሉም፥ ነገር ግን ስለ እነርሱ አይዘራም።

የሀገራችንም ሕግ ለሰጪው ድርሻ አድርጎለታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠውን ስጦታ፥ በሕጉ የተጻፈው ሁኔታ ሲሟላ፥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። በዚህ መጠቀም ኃጢአት አይደለም። ያልሰጡትን ሰጠሁ ብሎ ማስመዝገብ ግን የሐናንያና የሰጲራ ሥራ ነው። እነርሱ የተቀሠፉት ከፊሉን ስላስቀሩ ሳይሆን ከፊሉን ሁሉም ነው ብለው ስለ ዋሹ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ከመርሐ ቤቴ እናገኛለን። ካርል ሃይንዝ በም የተባለው የኦስትሪያ ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ብዙ ሕዝብ እየተመለከተው ለተራቡ ሰዎች ገንዘብ እንዲዋጣ ተወራረደ። የተዋናይ ንግዱ ስሙ ነውና፥ ያን ጊዜ ይህ መለከት አይደለምን? ብሎ የሚጠረጥር ሰው ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፥ የተዋናይነቱንም ሥራ ትቶ ዕድሜውን ለዚህ አዋለ። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ1992 በመርሐ ቤቴ ሥራ ጀምሮ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን ሠራ። በም እ.ኤ.አ. በ2014 ዐረፈ። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እኛ የምናየው ግን የውርርዱ ጩኸት ካለፈ በኋላ ሥራው ጸንቶ መቆየቱን ነው።

ስለዚህ ነጋዴ የሆነ ክርስቲያን ራሱን በሦስት ነገር ይመርምር።

አንደኛ፥ የሚሰጠው ገንዘብ ከየት መጣ? ዲድስቅልያ በሐሰተኛ መስፈሪያ ከሚነግዱ ሰዎች መባ እንዳይቀበሉ ኤጲስ ቆጶሳትን ያስጠነቅቃል። ቁና አጉድሎ፥ የሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ፥ በክፉ ቀን እህል ሸሽጎ ያተረፈ ሰው ለድኃ ቢሰጥ፥ ከድኃው ከወሰደው ላይ ጥቂቱን መለሰ እንጂ መጸወተ አይባልም። ዘኬዎስ ለድኆች እኩሌታውን ሲሰጥ የቀማውንም አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል መግባቱን አንርሳ።

ሁለተኛ፥ ስሙ ባይጠራ ይሰጥ ነበርን? ይህን ለማወቅ በአደባባይ ከሚሰጠው ሌላ፥ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የማያውቀውን ስጦታ ይስጥ። ይህ ከከበደው፥ ሲሰጥ የኖረው ለማስታወቂያ እንደ ሆነ ይወቅ።

ሦስተኛ፥ ተቀባዩን አክብሮታልን? በአንድ ቁና እህል የድኃውን ፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሱቁ ጌጥ የሚያደርግ ሰው አልሰጠም፥ ገዛ እንጂ።

ካህናትም ሆይ፥ በዐውደ ምሕረት የለጋሾችን ስም ስንጠራ እንጠንቀቅ። የባለጠጋውን ሺህ ብር በእልልታ ተቀብለን የመበለቲቱን ሳንቲም ዝም ብለን ብናልፍ፥ ነጋዴው መለከት እንዲፈልግ የምናስተምረው እኛው ነን። ጌታ በቤተ መቅደስ ተቀምጦ የተመለከተው የሁለቱን ሳንቲሞች ባለቤት ነበርና።

የሚሰጥ እጅንና የማይከፈል ልብን ለሁላችን ያድለን። አሜን።