በቅጥር ሥራ ላይ ስለሚያረጅ ዕውቀት

የእኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ፥ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በኮምፒዩተር ሥራ ተቀጥሮ መኖር ከጀመረ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነው። በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ጥቂት ቅኔ ቈጥሮ ነበርና እስከ ዛሬ የኔታ ይለኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም በስልክ ሲያጫውተኝ ቈይቶ፥ «የኔታ፥ ለቀጠሩኝ ሰዎች የማያስፈልጋቸውን ነገር ያስፈልጋችኋል ብዬ አስገባሁባቸው፤ ያስገባሁትም እኔ እንድማርበት ነው። ይህ ስርቆት ይባላልን? እርስዎ ይፍረዱኝ» አለኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ፥ ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን በዕውቀቱ ተቀጥሮ የሚያድር ሰው ሁሉ ጥያቄ መሆኑን ስላየሁ፥ ያሰብሁትን ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ የዚህ ሥራ ጠባይ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባል፤ ዓመቶቹንም በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ። አናጢ መጋዙን፥ ሸማኔም መወርወሪያውን ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ይኖራል። የኮምፒዩተር ሠራተኛ ግን መሣሪያው በእጁ ላይ እንዳለ ያረጅበታል። ማይክሮሶፍት የሚባለው ኩባንያ በ2007 ሲልቨርላይት የተባለ፥ በድረ ገጽ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ፤ ብዙ ሰዎችም ደክመው ተማሩት፤ በ2021 በኦክቶበር ወር ግን ድጋፉ ተቋረጠ። ፍላሽ የተባለውንም አዶቢ በ2020 መጨረሻ አቆመው። ያንን ብቻ ያወቀ ሰው እጁ ሳይዝል ሙያው ሞተበት።

በአንጻሩ ኮቦል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወጠነው በ1959 ሲሆን እስከ ዛሬ በባንክና በመንግሥት የሒሳብ ሥራ ላይ ይገኛል። በ2020 በኤፕሪል ወር፥ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ያጣው ሕዝብ በበዛ ጊዜ፥ የኒው ጀርሲው አገረ ገዥ ፊል መርፊ በአደባባይ ቆሞ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዱት ለመነ፤ የግዛቲቱ ኮምፒዩተሮች ከ40 ዓመት በላይ ያስቈጠሩ ነበሩና። እንግዲህ ያረጀው ሁሉ አይጣልም፤ አዲሱም ሁሉ አይሰነብትም። የትኛው እንደሚሞት የትኛውም እንደሚቈይ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፥ ሠራተኛው ደመወዙን እየበላም ቢሆን በፍርሃት ይኖራል።

የእኅቴን ልጅ ወደ ፈተና ያገባው ይኸው ፍርሃት ነው። ኩባንያው የሚያሠራው ያረጀ ፕሮግራም ማስጠገን ነበረ፤ በደኅና ይከፍለዋል፤ ነገር ግን ሌሎች ቀጣሪዎች በየማስታወቂያቸው የሚጠይቁት ኩበርኔቲስ የሚባለውን ነው። ይህ በ2014 ከጉግል የወጣ፥ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ እያከፋፈለ የሚያሠራ፥ አንዱ ማሽን ሲወድቅም ሥራውን ወደ ሌላው የሚያዞር መሣሪያ ነው፤ ለታላቅ ሥራ እጅግ ይጠቅማል። የእርሱ ክፍል ግን የሚጠብቀው ጥቂት መቶ ሰዎች የሚገለገሉበትን አንድ ፕሮግራም ነበረ፤ ለዚህም አንድ ማሽንና አንድ ተጠባባቂ ይበቃ ነበር። እርሱ ግን የሚያሳምን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ከአለቃው አስፈቀደ፤ ስምንት ወርም ፈጀበት። እርሱ ተማረ፤ በሥራ ማመልከቻውም ላይ ጻፈው። ኩባንያው ግን ቀድሞ አንድ ሰው ይጠግነው የነበረው አሁን ሦስት ሰው ተሰብስቦ የማይፈታው ሆነበት። ፕሮግራሙ በሌሊት ሲቆም፥ ገና አራስ ልጅ ያለው አንድ ወጣት ባልደረባው ከእንቅልፉ ይጠራና ያልተማረውን ነገር ሲመረምር ያድራል። የእኅቴ ልጅ የደነገጠውም የኩባንያው ገንዘብ ስለ ባከነ ሳይሆን የዚህን ልጅ ዐይን ባየ ጊዜ ነው።

ስለ እርሱ የሚነገረውን መልካም ክርክር መሸሸግ አይገባኝም። ማሽን የገዛ ኩባንያ የማሽኑን እርጅና በየዓመቱ ከሒሳቡ ላይ ይቀንሳል፤ ሒሳብ ዐዋቂዎች የእርጅና ተቀናሽ ይሉታል። ሰውን ዐሥራ አራት ዓመት ባረጀ ሥራ ላይ አውሎ ዕውቀቱን ያስረጀ ኩባንያ ግን በመዝገቡ ላይ ለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልተወም። በሥራ ቅነሳ ጊዜም አስቀድሞ የሚሰናበተው ይኸው ሰው ነው፤ ምክንያቱም «ዘመኑን አልተከተለም» ይባላል። ይህ እንዳይሆን ያሰቡ ቀጣሪዎች የሉም አይባልም። የጉግል መሥራቾች በ2004 ለባለ አክሲዮኖች በጻፉት ደብዳቤ፥ ሠራተኞቻቸው ከመደበኛው ሥራ ሌላ ከጊዜያቸው 20 ከመቶውን ለኩባንያው ይበጃል በሚሉት አሳብ ላይ እንዲያውሉት እንደሚያበረታቱ ገልጸው ነበር። እንግዲህ ያልተሰጠውን ሰው ራሱ ቢወስደው ምን በደል አለበት? ይላል ክርክሩ።

በእኔ አስተያየት በደል አለበት፤ በደሉ ግን ብዙ ሰዎች የሚያስቡት አይደለም። የእኅቴ ልጅ ያጠፋው በሰው ሰዓት መማሩ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሳለሁ ባለጉዳይ በበር ቆሞ የግስ መጽሐፍ እገለብጥ ነበርና በዚህ ልፈርድበት አፌን አልከፍትም። ጥፋቱ ምክሩን ማጣመሙ ነው። ዐዋቂን የሚቀጥር ሰው የሚገዛው እጁን ብቻ አይደለም፤ ራሱ ሊመረምረው የማይችለውን ነገር «ይህ ይበጅሃል፥ ይህ አይበጅህም» የሚለውን ቃሉን ነው። ሐኪም እጁን ለማለማመድ ብሎ የማያስፈልገውን በሽተኛ ቢቀድድ፥ ቀዶ ጥገናው ቢሳካም፥ ከዚያ በኋላ በሽተኛው ማንን ያምናል? ሰዓት ቢባክን በሌላ ሰዓት ይተካል፤ ምክር ግን አንድ ጊዜ ከተሸጠ ቀጣሪው ሳያውቀው ዋጋው ይወርዳል፤ እውነተኛውን ምክር የሚሰጡትም ጓደኞቹ አብረው ይረክሳሉ።

«ብጠይቃቸው ኖሮ ለመማሪያ ጊዜ አይሰጡኝም ነበር» አለኝ። «ጠይቀህ ነበርን?» ብለው ዝም አለ።

ደግሞ የሚማረውን መምረጥ አለ። በቅኔ ቤት ትናንት የተነገረው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ግሱና አገባቡ ግን ያው ነው፤ አዲሱን ቅኔ በየቀኑ የሚያስገኘውም ያ የማያረጀው ነው። በዚህም ሙያ ይህን የመሰለ አለ። ኤድጋር ኮድ በ1970 መረጃ በሠንጠረዥ ተያይዞ እንዴት እንደሚቀመጥ የጻፈው ትምህርት፥ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካንም በ1974 ኮምፒዩተሮች እንዴት እንደሚላላኩ ያሳዩት መንገድ፥ ዛሬም ከብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ሥር ይገኛሉ። ይህን ያወቀ ሰው ለአዲሱ ስም እንግዳ አይሆንም። ከ2022 ኖቬምበር ወዲህ፥ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ፥ ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚፈርደው ግን ሥሩን ያወቀ ሰው ነው።

ነገር ግን ይህን ብዬ «እንግዲህ በሌሊት ተማር» ብል ፍርዴ ጐደሎ ይሆናል። ልጆቿን አስተኝታ ዐይኗ የሚከደንባትን እናት፥ ሌሊት አላጠናችም ብሎ ሰነፍ የሚላት አሠሪ፥ ዕውቀቷን ቀን በቀን እየተጠቀመበት ማደሻውን ከእንቅልፏ እንድትከፍል ይጠይቃታል። የእርጅናው ዕዳ ቢያንስ በከፊል የአሠሪው ነው፤ ዕዳው እንዲታወቅ ግን ሠራተኛው በግልጥ መጠየቅ አለበት፤ በስውር የወሰደ ሰው ዕዳውን ራሱ ሰርዞታል።

ስለዚህ ለልጁ፥ ወደ አለቃው ገብቶ ያደረገውን እንዲናገር፥ ነገሩንም ወደ ቀድሞው ቀላል አሠራር ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጽፎ እንዲያቀርብ ነገርሁት። «ያባርሩኛል» አለኝ። ሊያባርሩት እንደሚችሉ እኔም አልካድሁትም፤ አይዞህ ምንም አይደርስብህ ማለት ለእኔ ቀላል ነበረ፤ የቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ አይደለሁምና።

ከፋሲካ በኋላ ደወለልኝ። ተናግሯል። አለቃው ተቈጣ፥ ለአንድ ሳምንትም አላናገረውም፤ ኋላ ግን የተከለውን ራሱ እንዲያነሣ አዘዘው። አሁን ያንኑ በማንሣት ላይ ነው፤ «የኔታ፥ ሲተከል ያልገባኝ ብዙ ነገር ሲነቀል ገባኝ» ይላል። ለመማሪያም በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት እንዲሰጠው በጽሑፍ ጠይቆ፥ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ተፈቅዶለታል፤ አራስ ልጅ ያለው ባልደረባውም አብሮት ይቀመጣል።