«ገባኝ»



ክህነት በተቀበልሁ ማግስት ወደ ትምህርት ቤት ስመደብ ደስ አላለኝም ነበር። የተመኘሁት መሠዊያውንና ስብከቱን ነው፤ ያገኘሁት ግን ጠመኔ፣ የተሰነጠቀ ጥቁር ሰሌዳ፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው የተጣበቡ ልጆችን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የማታ ጸሎቴ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ አውጣኝ» የሚል ነበር።

አላወጣኝም።

አንድ ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር ሦስት አራተኛና ስድስት ስምንተኛ እኩል መሆናቸውን ማስረዳት አቃተኝ። በመጨረሻ በሰሌዳው ላይ ድፎ ዳቦ ሣልሁ። አራት ቦታ ቆርሼ ሦስቱን አነሣሁ፤ እንደገና ስምንት ቦታ ቆርሼ ስድስቱን አነሣሁ። ይህን ጊዜ ከመስከረም እስከ ጥር ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ «አባ፣ ገባኝ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ሳቀ፤ እርስዋም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን በደብረ ታቦር ጎጆ እንሥራ ያለው ጴጥሮስ ምን እንደ ተሰማው ያን ዕለት ተረዳሁ።

አማርኛችን «ገባኝ» ይላል። ዕውቀት እንደ እንግዳ ደጁን አልፎ የሚገባ ነው። መምህሩ በሩን ያንኳኳል እንጂ ከፋቹ ልጁ ነው፤ እንግዳውም ከሌላ ዘንድ የተላከ ነው። ስለዚህ የመምህር ደስታ የባለቤት ደስታ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ራሱ እንደ ተናገረው፣ ቆሞ የሙሽራውን ድምፅ የሚሰማ የሚዜ ደስታ ነው (ዮሐ. 3፡29)።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮም የጀመረው ከዚህ በማይበልጥ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 8 ቀን 1841 በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ፣ ቅዳሴ ማገልገል የማይችል አንድ ወላጅ አልባ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ተደብድቦ ሲባረር አየና አስጠራው። እንደሚተረከው፣ ማንበብ ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ አይችልም። መዘመርስ? አይችልም። ማፏጨት ይችል እንደ ሆነ ሲጠይቀው ግን ልጁ ፈገግ አለ። የሳሌዥያን ማኅበር ታሪኩን ከዚያች ቀን ይቈጥራል።

ይህን ስል መምህርነት ሁሉ ጊዜ ደስታ ነው ማለቴ አይደለም። ደመወዙ ለወር አልዳርስ ያለውን መምህር «ደስታህ ይበቃሃል» ብሎ ማጽናናት ስድብ ነው፤ ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው ጌታ ራሱ ተናግሯልና። ደግሞም ከንቱ ሆኖ የሚመሽ ቀን አለ። ነገር ግን በዚያው ቀን አንዱ «አባ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ብሎ ያርመናል፤ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ከርሱ ይልቅ እኛ ደስ ይለናል። ሌላው ሳይታዘዝ ሰሌዳውን ያጠፋል። በመንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ልጅ ሸክሟን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ሰላም ትላለች።

እናንተ ካቴኪስቶች ይህን ታውቁታላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ለቁምስናው በምናቀርበው ሪፖርት ላይ ስንት ልጆች እንደ ተማሩ፣ ስንቶቹ ለመጀመሪያ ቊርባን እንደ ደረሱ እንጽፋለን። መጻፉም ተገቢ ነው። «ገባኝ» የሚባልበት ዓምድ ግን በወረቀቱ ላይ የለም፤ ቁጥሩ ብቻ ሲታየን «ይህን ሁሉ ዓመት ምን አፈራሁ?» እያልን የምናዝነውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ያቺ ልጅ ዓመቱን አልጨረሰችም። ቤተሰቧ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ትምህርቷን ትቀጥል ትተው አላውቅም። በበዓል ቀን ድፎ ባርኬ ስቈርስ ግን ሳላስበው አራት ቦታ፣ ቀጥሎም ስምንት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ የቤቱ ሰዎችም ለምን እንደምስቅ ይጠይቁኛል።